ማስታወቂያ ያላወጣ ድርጅት ገብቶ ሥራ እንዴት ይጠየቃል?

በሳምንት ሦስት አራት ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። እኛ ማስታወቂያ አላወጣንም። ሰዎቹ በራሳቸው ጊዜ መጥተው በር ላይ ትተውት የሄዱት ነው። በዚህ መንገድ ሥራ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም፣ እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት እንደዚሁ ነው። ችግሩ አብዛኞቹን ፖስታዎች ከፍቼ የምዘጋቸው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መሆኑ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። «በማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ ላይ» ይላሉ፤ ለማን እንደተጻፉ አይታወቅም፤ ያመጣቸውን ሰው ማንም አላናገረውም። አንዳንዴ ጥሩ የሚመስል ሰው አገኝና ስደውል ደግሞ ስልኩ ዝግ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምሳሌው ሁሉ የሂሳብ ሥራ ነው፣ የማውቀው እሱን ነውና። በራስህ ሙያ ቀይረው። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፤ አንቺም አለሽበት።

መጀመሪያ፦ የት አይሠራም?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚቀጥረው ማስታወቂያ አውጥቶና አወዳድሮ ነው። እዚያ ፖስታ ይዘህ ብትዞር የምትጨርሰው ጫማህን ነው። ባንክና ኢንሹራንስም ባብዛኛው በማስታወቂያ ነው የሚቀጥሩት። ይህ ዘዴ የሚሠራው ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ራሱ «ይሄ ልጅ ይግባ» ማለት በሚችልበት ቦታ ነው፦ አስመጪ፣ ትንንሽና መካከለኛ ፋብሪካ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ ተቋራጭ፣ ማተሚያ ቤት፣ ጋራዥ፣ የሂሳብና ኦዲት ቢሮ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ

«ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ሲባል ትሕትና ይመስላል። ሰሚው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። የት ቦታ እንደምትሆን እሱ ቁጭ ብሎ እንዲያስብልህ እየጠየቅከው ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ የለውም።

እንዲህ በል፦ «የሽያጭና የግዢ ደረሰኝ እመዘግባለሁ፣ የባንክ ማስታረቂያ እሠራለሁ፣ ፒችትሪ እችላለሁ።» (ፒችትሪ የሂሳብ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።) አለቀ። የሰማህ ሰው ወዲያው «እህ፣ እነ እገሌ ጋ ነው የምትሆነው» ይላል።

ገና ተመርቀህ ልምድ ከሌለህስ? ያለ ደሞዝ የሠራኸውን ቁጠር። ተለማማጅ ሆነህ የሠራህበትን፣ የአጎትህን ሱቅ ደብተር፣ የሰፈራችሁን ዕቁብ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆነህ ከያዝክ እሱንም። እየቀለድኩ አይደለም። በየሳምንቱ ከሠላሳ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ሳይጎድልበት የኖረ ልጅ ለእኔ ከጥሩ ነጥብ ይበልጣል።

ደረጃ 2፦ ሃያ ድርጅት ብቻ ምረጥ

ስልሳ ፖስታ መበተን ሥራ የሠራህ ይመስልሃል። ግን እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሰህ መሄድ አለብህ፣ ስልሳ ቦታ ደግሞ ሦስት ጊዜ መመላለስ አትችልም። ሃያ ይበቃል።

የት ታገኛቸዋለህ?

የሕንፃ ሰሌዳ። ቦሌ፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ አካባቢ ያሉ የቢሮ ሕንፃዎች ሲገባ ግድግዳው ላይ የየፎቁን ተከራይ ስም ይለጥፋሉ። በስልክህ ፎቶ አንሳና ቤትህ ሆነህ አንድ በአንድ ፈልጋቸው።

የዕቃ ማሸጊያ። ቤታችሁ ያለውን ብስኩት፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ደብተር ገልብጠህ አንብብ። አምራቹ ወይም አስመጪው፣ ብዙ ጊዜም ስልኩ፣ ተጽፎበታል።

የሌላ ሙያ ማስታወቂያ። ይሄን ብዙ ሰው ያልፈዋል። አንድ ድርጅት አምስት የሽያጭ ሠራተኛና ሁለት ሹፌር እፈልጋለሁ ካለ እያደገ ነው። አምስቱ ሰዎች የሚሸጡትን የሚመዘግብስ ማን ነው? ማስታወቂያው «አካውንታንት» ባይልም ያ ድርጅት ከዝርዝርህ አናት ላይ ይቀመጥ።

ሊያልቅ የተቃረበ ሕንፃ። መስታወቱ ገብቶ ስሙ ሲሰቀል ካየህ፣ ሆቴልም ይሁን ክሊኒክ፣ ውስጥ ሰው እየተመረጠ ነው።

የምታውቃቸው ሰዎች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። «ሥራ ፈልግልኝ» ካልከው ዘመድህ ይጨነቃል፤ ኃላፊነት ነዋ። ቀጥሎ ስትደውል አያነሳም። «እናንተ ጋ የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ማን ይባላሉ?» ብለህ ብትጠይቀው ግን በደስታ ይነግርሃል። ስም መንገር ምንም አያስከፍለውም፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ መጀመሪያ ስሙን ነው።

ሃያዎቹን በሰፈር ከፋፍላቸው። የገርጂና የቦሌን በአንድ ቀን፣ የቃሊቲን በሌላ ቀን። እንደመጣልህ ከሄድክ የታክሲው ሂሳብ በሁለተኛው ሳምንት ያስቆምሃል።

ደረጃ 3፦ ወቅቱንና ሰዓቱን እይ

አንድ ደብዳቤ በአንዱ ወር ቅርጫት ይገባል፣ በሌላው ወር ያስቀጥራል። የብዙ ድርጅት የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋና ዓመታዊ ግብር የማሳወቁ ሩጫ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይቆያል። የሂሳብ ሥራ የምትፈልግ ከሆነ ሰኔ አጋማሽ ላይ ሂድ። ሐምሌ ላይ በሥራ ተወጥረው ቀና ብለው አያዩህም፤ ሰኔ ላይ ግን «ዘንድሮ እንዴት ልንወጣው ነው» እያሉ ነው። አስተማሪ ከሆንክ ትምህርት ቤቶች ቀጣዩን ዓመት የሚያስቡት ክረምቱ ሲገባ ነው፤ መስከረም ላይ መሄድ ማለት የተሞላ ወንበር መጠየቅ ነው። የግንባታ ሰው ዝናቡ ሊያቆም ሲል ይሂድ። ሆቴልና አዳራሽ ከጥር ሰርግ በፊት፣ ኅዳር ገደማ።

ቀኑ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ስላለ የምሳ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ሰው አታገኝም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 5፡00። ሂሳብ ክፍል ደግሞ ወር ሊያልቅ ሲል አትሂድ፤ ደሞዝ እየሠሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን አዘጋጅ

*ሲቪ*

ልምድ ከሌለህ አንድ ገጽ፣ ካለህ ሁለት። ከዚያ አይለፍ። «ሄልዝ ስታተስ፦ ኤክሰለንት» የሚለውን አውጣው፤ እስካሁን «መጥፎ» ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም። ማንበብና እግር ኳስ ማየት እንደምትወድም ይቅር።

ሁለት ስልክ ቁጥር ጻፍ፣ አንዱ ቤት ያለ ሰው ቁጥር ይሁን። ምስክር አድርገህ የምትጽፋቸውን ሰዎች አስቀድመህ ንገራቸው። አንድ ጊዜ በሲቪው ላይ የተጻፈ ሰው ጋ ደውዬ «ማን? አላውቀውም» ተብያለሁ። ልጁ የእውነት ተማሪው ነበር፣ ግን አስተማሪው በስም አላስታወሰውም።

*ደብዳቤ*

ሲቪውን በእንግሊዝኛ መጻፍ የተለመደ ነው። ደብዳቤውን ግን እንደ ቦታው አድርገው። መርካቶ ያለ አስመጪ ጋ በአማርኛ፣ የውጭ ድርጅት ጋ በእንግሊዝኛ። ናሙናው ይኸው፦

> ቀን፦ ______
> ለ______ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
> ለሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ለወ/ሮ ______
>
> ጉዳዩ፦ በሂሳብ ሠራተኛነት ለመቀጠር ስለማመልከት
>
> ድርጅትዎ ገርጂ ላይ ሁለተኛ የሽያጭ ቦታ መክፈቱን አይቻለሁ። ሁለት ቦታ ሽያጭ ሲኖር የየቀኑን ደረሰኝ ሰብስቦ ማመሳከር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በተለማመድኩበት ቦታ አይቻለሁ።
>
> በአካውንቲንግ በ2016 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ለአራት ወር ስለማመድ የዕለት ሽያጭ መዝግቤያለሁ፣ የባንክ ማስታረቂያም አዘጋጅቻለሁ። ፒችትሪ እጠቀማለሁ።
>
> አሁን ክፍት ቦታ ባይኖር፣ ሥራ በሚበዛበት ወቅት በጊዜያዊነት ለመሥራትም ዝግጁ ነኝ። ማክሰኞ ______ ጠዋት በአካል መጥቼ አሥር ደቂቃ ባነጋግርዎ ደስ ይለኛል።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

የመጀመሪያው አንቀጽ ለእያንዳንዱ ድርጅት አዲስ ይጻፋል። ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። አንቀጹን ለመጻፍ ስለ ድርጅቱ አንድ እውነተኛ ነገር ማወቅ አለብህ። ካላወቅክ ገና አልደረስክም፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለስ።

«በጊዜያዊነትም» የምትለዋን መስመር አትዝለላት። ቋሚ ሰው መቅጠር ለባለቤቱ ከባድ ውሳኔ ነው፤ የሁለት ወር ሰው ግን ሻይ እየጠጣም ይወስነዋል። እኔም የገባሁት ለሁለት ወር ተብዬ ነው።

ተጠንቀቅ። ከማተምህ በፊት የድርጅቱን ስም በእያንዳንዱ መስመር ላይ ፈትሽ። እኔ ከላይ ያለውን ቀይሬ መሃል ላይ ያለውን የሌላ ድርጅት ስም ሳልቀይር አስገብቻለሁ። የተቀበለችኝ ሴትዮ አንብባ ሳቅ አለችና ወረቀቱን አዙራ ስሙ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። «እነሱ ጋ ነው እንዴ የምትፈልገው? ከታች ሁለተኛ ፎቅ ናቸው» አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

*ማስረጃ*

በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው ሲቪና ደብዳቤ ብቻ ነው። የዲግሪ፣ የስቱደንት ኮፒ፣ የመታወቂያ ፎቶኮፒ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር፣ ሲጠየቅ ታወጣለህ። አሥራ ሁለት ገጽ የተሰፋ ጥራዝ ማንም አያገላብጥም፤ የፋይዳ ቁጥርህ ያለበት ወረቀት በየጥበቃ ቤቱ ሲንከባለልም ጥሩ አይደለም። ኦሪጅናል ለማንም አትተው። አሳይተህ እዚያው መልሰህ ያዝ።

ደረጃ 5፦ ከመሄድህ በፊት ስም ያዝ

በመስመር ስልካቸው ደውል። እንዲህ ነው የሚሆነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እገሌ ድርጅት ነው?»
«አዎ፣ ማን ልበል?»
«ስሜ እገሌ ይባላል። ለሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደብዳቤ ላደርስ ነበርና ስማቸውን በትክክል ልጽፍ ብዬ ነው።»

ብዙ ጊዜ ይነግሩሃል። «የምን ደብዳቤ?» ካሉህ «የሥራ ማመልከቻ ነው» በል። አትዋሽ። «እገሌ ልኮኝ ነው» ብሎ የገባ ሰው አይቻለሁ፤ እገሌ የተባለው ሰው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስልክ የሚያነሳ ከጠፋ ሌላ መንገድ አለ። ከድርጅቱ አጠገብ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አትጠፋም። ቁጭ በልና አንድ ስኒ ጠጣ። ሂሳብ ክፍል የምትሠራዋ ማን እንደሆነች፣ ስንት ሰዓት ቡና እንደምትጠጣ፣ ባለቤቱ ጠዋት ይግባ ከሰዓት፣ ሰሞኑን ማን እንደለቀቀ ከሰው ሀብት ክፍሉ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ግን እንደ ፖሊስ አትጠይቅ። ሥራ እየፈለግክ እንደሆነ በግልጽ ንገራት፣ ራሷ ትነግርሃለች።

ደረጃ 6፦ በሩ ላይ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም በመጀመሪያው ወር ሠላሳ ሁለት ፖስታ በትኜ አንድም ጥሪ አልመጣም። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንዱ ቦታ ከሳምንት በኋላ ስመለስ ነው። የጥበቃው ቤት በመስኮቷ ወደ ውስጥ ትታያለች። አንድ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፣ ላይዋ ላይ የታሰሩ ፖስታዎች፣ ፖስታዎቹ ላይ ሬዲዮ። ከታች ሦስተኛው የእኔ ነበር፤ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው ያወቅኩት። አንቴናው ከፍ እንዲል ጥሩ ማስደገፊያ ሆኖ ነበር መሰለኝ።

ጥበቃው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለማን እንደሚሰጠው ማንም አልነገረውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

1. ጫማህን ሰፈርህ አታስጠርግ፣ እዚያው አካባቢ ሊስትሮ ፈልግ። ከታክሲ ወርደህ እስክትደርስ አቧራ ወይም ጭቃ ነው። ልብስህ ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን እንጂ ሱፍ ግዴታ አይደለም፤ ጋራዥ በሱፍ አይኬድም።

2. ሰላምታ ስጥ፣ ቆም በል። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብለህ መልስ ጠብቅ። እየተራመድክ አታውራ።

3. በስም ጠይቅ። «ሥራ አለ?» ካልክ መልሱ «የለም» ነው፣ ጥበቃው የተነገረው እሱን ነው። «ወይዘሮ እገሊት ሂሳብ ክፍል አሉ? ደብዳቤ ላደርስላቸው ነበር» ካልክ ወይ ይደውላል ወይ ያስገባሃል።

4. ስም የሌለህ እንደሆነ፦ «ሂሳብ ክፍሉን የሚመሩትን ሰው ፈልጌ ነበር፣ ማን ይባላሉ?»

5. ሲፈትሽህ አትኮሳተር። መታወቂያ ያዝልኝ ካለህ ስጠውና ስትወጣ መቀበልህን አትርሳ።

*«መግባት አይቻልም፣ እዚህ ተወው» ካለህ*

አትከራከር፣ ፖስታውንም ወዲያው አትስጥ። «እሺ ጋሼ፣ እሳቸው መቼ ቢመጣ ይገኛሉ?» በል። ቀን ከነገረህ ፖስታህን ይዘህ ተመለስ፣ በዚያው ቀን ና። «መቼም አይቻልም» ካለህ ፖስታው ላይ የኃላፊዋን ስም በትልቁ ጻፍና ስጠው፣ የእሱንም ስም ጠይቅ። በሁለተኛው ቀን ለሪሴፕሽን ደውለህ «ትናንት ከአቶ እገሌ ጋር ለወይዘሮ እገሊት ፖስታ ትቼ ነበር፣ ደርሷቸው ይሆን?» ብለህ ጠይቅ። ሬዲዮው ሥር ካለ ያኔ ይነሳል።

ለጥበቃው ገንዘብ አትስጥ። እሱንም ታስቸግራለህ፣ አንተንም ያስገምትሃል።

ደረጃ 7፦ ውስጥ ከገባህ አንድ ደቂቃ አለህ

ቁጭ በል ካልተባልክ ቆመህ ጨርስ። ስምህን፣ የደረጃ 1ን ዓረፍተ ነገር፣ ለምን እነሱን እንደመረጥክ፣ አለቀ። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እገሌ እባላለሁ። ሂሳብ ነው ያጠናሁት፣ ደረሰኝ መመዝገብና የባንክ ማስታረቂያ እሠራለሁ። ገርጂ አዲስ መሸጫ መክፈታችሁን አይቼ ሰው ያስፈልጋችሁ ይሆናል ብዬ ነው። ደብዳቤዬን ልተውልዎት?»

እናትህ መታመማቸውን፣ የቤት ኪራይ መጨመሩን እዚህ አትናገር። እውነት መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሰውየው ያዝንልህና ሌላ ቀን እንዳያገኝህ ይጠነቀቃል።

የሚመጣልህ መልስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

«አሁን ቦታ የለም።» እሺ በልና ይህን ጠይቅ፦ «ሥራ የሚበዛባችሁ መቼ ነው? በዚያ ሰሞን ብመጣ ቅር ይልዎታል?» ወር ከጠቀሱልህ ባዶ እጅህን አልወጣህም።

«ማስታወቂያ ስናወጣ ተከታተል።» የት እንደሚያወጡ ጠይቅ። በር ላይ ይለጥፋሉ? ቴሌግራም ላይ? ጋዜጣ ላይ? ብዙ ድርጅት በሩ ላይ ብቻ ለጥፎ በሦስት ቀን ይዘጋዋል።

«ልምድ የለህም።» «አዎ የለኝም» በል፣ አትሟገት። ቀጥለህ «ለሁለት ሳምንት የተጠራቀመ ደረሰኝ ስጡኝና እዩኝ» ማለት ትችላለህ። ግን ሁለት ሳምንት ሲያልፍ «ትንሽ ቆይ» እየተባለ ወደ ሦስት ወር ከሄደ ውጣ። በነፃ የሚያሠራ ሰው ነፃው እስኪያልቅ አይቀጥርም።

«ሰው አለህ?» ይሄ ጥያቄ ሁለት ትርጉም አለው፣ አትደናገር። ካሸር ወይም ስቶር ኪፐር ከሆነ ብዙ ጊዜ ዋስ ማለታቸው ነው፤ በደሞዝ ዋስ የሚሆንህ ሰው አስቀድመህ አነጋግር። የሚያስገባህ ዘመድ ማለታቸው ከሆነ «የለኝም፣ ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት» ብለህ ፈገግ በል። አንዳንዱ ይወድልሃል፣ አንዳንዱ አይወድልህም።

«ስንት ትፈልጋለህ?» «የሰጣችሁኝን» አትበል። ከመሄድህ በፊት በዚያ ሙያ የሚሠሩ ሁለት ጓደኞችህን ጠይቀህ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ እወቅ፣ ዝቅተኛውን ሳይሆን መካከለኛውን ተናገር። ከቋሚ ሠራተኛ 7 ከመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ የሥራ ግብሩም አለ፤ የተባለልህ ገንዘብ ሳይቆረጥ ነው ተቆርጦ ብለህ ጠይቅ።

ከመውጣትህ በፊት ደብዳቤህን የምትተውለትን ሰው ስም አረጋግጥ። ስም ሳይዙ መውጣት ክልክል ነው በለው ለራስህ።

ደረጃ 8፦ ኢሜይልና ቴሌግራም

አጭር ላድርገው። «ኢንፎ» ብሎ የሚጀምር አድራሻ ላይ የላክኸውን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። የላክህ ዕለት ደውለህ አሳውቅ። የኢሜይሉ ርዕስ «ሲቪ» ብቻ አይሁን፤ ስምህና ሙያህ ይኑርበት። ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን፣ ስሙም የራስህ ስም። «ሲቪ የመጨረሻ አዲስ 3» የሚል ፋይል ስንቴ ተቀብያለሁ!

ቴሌግራም ላይ ለማታውቀው ኃላፊ በማታ አትጻፍ፣ «ሃይ» ብለህም መልስ አትጠብቅ። ጉዳይህን በአንድ መልእክት ጨርስ። የፕሮፋይል ፎቶህንም ቀድመህ አየት አድርገው።

ደረጃ 9፦ ተመልሰህ ሂድ

አንድ ደብተር ያዝ። ለእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ገጽ፦ የሄድክበት ቀን፣ ያናገርከው ሰው፣ እሱ የነገረህ ቃል በቃል፣ የምትመለስበት ቀን። የመጨረሻው ባዶ ከሆነ ያ ጉብኝት አልተሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉብኝት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሁን። ሦስተኛው እነሱ በጠቀሱልህ ወር፣ ካልጠቀሱም ከወር ከወር ተኩል በኋላ። ከዚያ አቁምና በቦታው አዲስ ድርጅት ተካ።

ስትመለስ «ያ ነገር ምን ደረሰ?» አትበል፤ ምን እንደሆነ አያስታውሱም። ራስህን እንደገና አስተዋውቅ፣ አዲስ ነገርም ይዘህ ሂድ። «ባለፈው ማክሰኞ ደብዳቤ ትቼልዎት ነበር። ኤክሴል ይጠቅማል ብለውኝ ነበር፣ ጀምሬዋለሁ።» በቃ። እኔን የቀጠረችኝ ሴትዮ የተናገረችውን አስታውሼ መሥራቴን ነው የወደደችው፤ ሲቪዬን ያነበበችው ከገባሁ በኋላ ነበር።

አንዳንድ ሰው ሁለት ጊዜ መሄድ ያፍራል። አይዞህ፣ አንተን አንድ ጊዜ አይቶ የሚያስታውስህ የለም።

ገንዘብ ከተጠየቅክ፣ ማታ ከተጠራሽ

ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም፣ ለባጅ ብሎ ብር የሚጠይቅህ ቦታ ከሆነ ተነስተህ ውጣ። አገናኝ ኤጀንሲም ቢሆን ከሠራተኛው መቀበል አይፈቀድለትም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የግል ኤጀንሲን ሲተረጉም ራሱ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው የሚለው። «ሰው ካመጣህ ኮሚሽን» የሚሉትም ሥራ አይደሉም።

ለእህቶቼ ደግሞ፦ ቃለ መጠይቅ ቢሮ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት ነው። «እራት እየበላን እናውራው» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ሥራ አይደለም። «በሥራ ሰዓት ቢሮ እመጣለሁ» በይው። እምቢ ካለ ቁጥሩን አጥፊው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄጂበትን ቦታ ለአንድ ሰው ንገሪ።

ደረጃ 10፦ ስልኩ ሲደወል

ፖስታ ካስገባህ ቀን ጀምሮ የማታውቀውን ቁጥር ሁሉ አንሳ። «ሄሎ» ካልክ በኋላ ጫጫታ ውስጥ ከሆንክ «አንድ ደቂቃ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ልሂድ» በል፣ ይጠብቁሃል። ያመለጠህን ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሰህ ደውል። ከየት እንደሆነ ካላወቅክ «ማን ነህ?» ሳይሆን «ተደውሎልኝ ነበር፣ ሥራ አመልክቼ ነበርና ከየት ይሆን?» በል። ደብተሩ አጠገብህ ይሁን፤ ሃያ ቦታ ጠይቀህ የትኛው እንደደወለ ማምታታት ያለ ነው።

ግባ ከተባልክ ከመጀመርህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ደሞዙን፣ የሥራ መደቡን ስም፣ የሙከራ ጊዜውን። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። የጽሑፍ ውል ሳይሰጡህ ካስጀመሩህ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ቀን በዚህ አትጣላ። አሥረኛው ቀን ላይ ግን ሰው ሀብት ክፍል ጎራ በልና «ደብዳቤዬ ደረሰ?» ብለህ ጠይቅ። ዝም ካልክ ዝም ይላሉ፣ ነገ ልምድ አለኝ ስትል የምታሳየው ወረቀት አይኖርህም።